የአርባ ሰባት ደቂቃ ጨለማ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በርች ክሪክ፣ ከመኪናችን ውስጥ

እትዬ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ሳልሽ ለቆሽ፣ ጉልበትሽም እሺ ብሎሽ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። የጉልበትሽን ነገር ያነሳሁት በክፋት አይደለም። የመብራቱ ማማ ሰባ አንድ ደረጃ ለሰባ ሁለት ዓመት ሴት ቀልድ አይደለም ብዬ ነው። እሺ፣ ትንሽ በክፋትም ነው። ጓሮሽ ያለው የፖም ዛፍ ዘንድሮ ያዘልሽ? ያቺ አንድ ዓይና ድመትሽስ በሕይወት አለች? እኛ ደህና ነን። ባሌ ዋይኖ ወገቤን ከማለቱ በቀር ደህና ነው፤ እኔንም ከምላሴ በቀር የሚያስቸግረኝ ነገር የለም።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሁለት ሳምንት ሆነው። አራት መስመር ናት፣ ቆጥሬአታለሁ። ለመርከቦች የሚያበራውን የሄሮን ፖይንትን ማማ ያደሱት የማኅበሩ ሰዎች በመጪው ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ የጥንቱን ፋኖስ መልሰው ሊያበሩት ነው፤ ከጠባቂው ልጆች ክብሪቱን የምትጭረው አንቺ ነሽ፤ እኔ ደግሞ መጥቼ አጠገብሽ እንድቆም ትፈልጊያለሽ። አጠገብሽ! ለፎቶግራፍ ማሳመሪያ እንደሚቀመጥ የአበባ ማስቀመጫ ማለት ነው። ማኅበሩ ለእኔ አንዲት ፖስታ እንኳ አልላከም። የዚያ ጠባቂ ልጅ መሆኔን ማን ይንገራቸው?

እትዬ፣ ቀንቻለሁ። ሌላ ስም ልሰጠው ሞክሬ ነበር። መጀመሪያ ድካም ነው አልኩ፣ ቀጥዬ የማኅበሩ ሰዎች ሥርዓት ማጣት ነው አልኩ። አይደለም፣ ቅናት ነው። ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ሦስት የልጅ ልጆች አሉኝ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት የምቀመጥ ሴት ነኝ። ያቺን አራት መስመር ሳነብ ግን የስድስት ዓመት ልጅ ሆኜ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

አንቺ ይህን አታስታውሺውም፣ አንቺ ላይ ነበርሽ። ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል አባባ የነሐስ ቁልፍ ያለውን ኮቱን ይለብሳል፤ በዓይኑ ይጠራሻል፤ ሁለታችሁ ትወጣላችሁ። እኔ ከእማዬ ጋር ድንች እየላጥኩ በብረቱ ደረጃ ላይ የእግራችሁን ድምፅ እቆጥራለሁ። ሰባ አንድ ላይ ዝም ይላል። ትንሽ ቆይቶ ከመስኮታችን ውጭ ውሃው ያበራል። እማዬ ሁልጊዜ «እሷ የጀመረችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው» ትለኝ ነበር። እኔም ታገስኩ። ዘጠኝ የሞላኝ ዕለት ፀጉሬን አበጥሬ፣ የእሑድ ጫማዬን አድርጌ ደረጃው ሥር ቆምኩና ለአባባ ዘጠኝ ሞላኝ አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «እዚያ ልጅ አይወጣም፣ ታች ቆዪ» አለኝና አንቺን ይዞ ወጣ። ያን ዕለት የላጥኩት ድንች ግማሹ ከልጣጩ ጋር ነው የሄደው።

ከዚያ ደግሞ ሆስፒታሉ አለ። አባባ ሲሞት የያዘው ያንቺን እጅ ነው። አንቺ በአልጋው በዚህ በኩል፣ እኔ በዚያ በኩል፣ ሁለቱ እጆቼ ብርድ ልብሱ ላይ ባዶአቸውን። አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አልዞረም። ከቀብር መልስ ይህንኑ ስነግርሽ ምን ብለሽ እንደመለስሽልኝ አልረሳሽውም። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ «እሱ የመረጠው አንቺን ነው» አልሽኝ። የምታላግጪብኝ መሰለኝ። የመኪናውን በር የጠረቀምኩት ለዚህ ነው። አስራ አንድ ዓመት በገና ካርድ ብቻ የተጠያየቅነውም ለዚህ ነው። ካርዶቹንም የሚጽፋቸው ዋይኖ ነበር፣ ይህንንም እወቂው።

እንግዲህ ደብዳቤሽ የመጣ ቀን ለዋይኖ እንሄዳለን አልኩት፣ ግን በሐይቁ ዳር ዳር እንሂድ፣ ማማዎቹን አንድ በአንድ እያየን። ከእኛ ከተማ እስከ እናንተ በአምስት ሰዓት የሚደረሰውን መንገድ ዘጠኝ ቀን አደረግሁት። ዋይኖ ፍቅሬ አዲስ የታደሰ መስሎት ደስ አለው። እኔ የፈለግሁት እንድንዘገይ ነው። አንድ ቦታ ጎማ ይፈነዳል፣ ወይም ሐይቁ ይናደድና መንገዱ ይዘጋል፣ ወይም ወገቡ ይነሳበታል፤ ቅዳሜ ያልፋል፣ እኔም «አይ፣ ሳይመቸን ቀረ» ብዬ እጽፍልሻለሁ። ይኸው ነው ዕቅዴ። ጎማው ግን እምቢ አለ።

መኪናችንን አላየሻትም። ዳቦ የምታመላልስ ቫን ነበረች፤ ዋይኖ ጡረታ ሲወጣ በርካሽ ገዝቶ አልጋ ሠራባት፣ ምድጃ ገጠመላት፣ መጋረጃውን እኔ ሰፋሁ። ዝናብ ሲመታት አሁንም እርሾ እርሾ ትሸታለች። በየማደሪያው ሜዳ ከጎናችን የሚቆሙት መኪኖች ቴሌቪዥን አላቸው፣ ሻወር አላቸው፣ አንዱማ ሳውና ነበረው። በእነሱም ቀናሁ። አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም መሰለኝ። ዋይኖ ደግሞ እያንዳንዱ ማማ የራሱ ማኅተም አለው ብሎ ትንሽ ደብተር ገዝቶ፣ ገና መኪናዋ ሳትቆም ማኅተም ፍለጋ ይሮጣል። ሽበታም ሰውዬ፣ ማኅተሙ ጠመመብኝ ብሎ ሲያዝን ብታዪው!

ማኅተሙን ታገስኩለት። ያልታገስኩት ምላሱን ነው። በየማማው ትኬት ለሚቆርጡት፣ ሣር ለሚያጭዱት በጎ ፈቃደኞች ሁሉ ስላንቺ ያወራል። የሚስቴ እህት የሄሮን ፖይንት ጠባቂ ልጅ ነች፤ በዘጠኝ ዓመቷ ከአባቷ ጋር መብራት ታበራ ነበር፤ ቅዳሜ እሷ ናት የምታበራው። ሰዎቹም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያደንቃሉ። እኔ አጠገቡ ፓስቲ የሚሉትን ሥጋ የተጠቀለለበት ዳቦ እየበላሁ ቆሜያለሁ። ከአራተኛው ማማ በኋላ አንተ ሰውዬ ከእሷ ጋር ነው እንዴ የተጋባኸው ብዬ ጠየቅሁት። ጥያቄው ስላልገባው ከልቡ ሳቀ።

አሁን የምነግርሽ ነገር ያሳፍረኛል፤ ስለዚህ ቶሎ ልበለው።

ባለፈው ዓርብ ማርኬት ከተማ ሳንደርስ አንዲት ትንሽ ማማ ጋ ቆምን። ዋይኖ ዘይት ሊለካ መኪናው ሥር ገብቶ ስለነበር ብቻዬን ነው የገባሁት። እዚያ ያለችው ኢልማ የምትባል ሴትዮ ናት፤ ጉንጯ ቀይ፣ ነገር የምትወድ፣ የአገሩን ሰው ዘር እስከ ሰባት ትውልድ የምትቆጥር። ከየት ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ ስትለኝ የአባባን ስም ነገርኳት። ዓይኗ ፈጠጠ። «አንቺ ነሻ! ፋኖሱን ታበሪ የነበርሽው!» አለችና እጄን በሁለት እጇ ያዘችው።

እኔም አዎ አልኳት።

በቃ፣ አዎ አልኩ። ከዚያ ማን ያቁመኝ? ላዩ ላይ ነፋሱ ምን እንደሚመስል አወራሁላት፣ መስታወቱን በኮምጣጤና በአሮጌ ሸሚዝ እንዴት እንደምናጸዳው አወራሁላት፣ አባባ እጄን ይዞ ክብሪት ያስጫረኝን የመጀመሪያ ቀን አወራሁላት። በዚያ ታሪክ ውስጥ አባባ ሳቀ፣ ኮቱን አልብሶኝም ወረደ። ኢልማ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ እውነት እስኪመስለኝ ድረስ። ቅዳሜ ከአማቷና ከጎረቤቶቿ ጋር ሄሮን ፖይንት ልትመጣ እንደሆነ፣ ከሁሉም ፊት እኔን እንደምታቅፈኝ ነገረችኝ። በስምሽ ጠርታ ነው የሸኘችኝ። ዋይኖ ከመኪናው ሥር በዘይት ተጨማልቆ ሲወጣ ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የበራው አለኝ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ማታውን ፊቴ መብራቱን ተወ። ቅዳሜ ሄሮን ፖይንት ብረግጥ አገር በተሰበሰበበት፣ አንቺም ባለሽበት፣ ያቺ ሴትዮ ባንቺ ስም እኔን ትጠራለች። ስለዚህ ለዋይኖ በርች ክሪክን እንይና ወደ ቤታችን እንመለስ አልኩት። ለምን ሲለኝ እራሴን አሞኛል አልኩ።

በርች ክሪክ የደረስነው ትናንት ነው። ለካ ኢልማ ቀድማ ስልክ ደውላለች። በሩ ላይ ቶርቫልድ የሚባል ሰማንያ ያለፈው ሽማግሌ ቆሞ ይጠብቀናል፤ በመርከብ ላይ ሞተረኛ የነበረ፣ አሁን በዚያ ማማ ያለውን የአውራጃውን ቤተ መዘክር የሚጠብቅ ሰው ነው። ዋይኖ ማኅተም ሊያስመታ ወደ ሱቁ ሲሄድ ሽማግሌው እኔን ክንዴን ይዞ ወደ ታችኛው ክፍል አስገባኝ። አስራ ሁለት ያህል ጎብኚ ተቀምጧል። መሃል ላይ ልክ እንደ አባባ ፋኖስ ያለ ፋኖስ ቆሟል። ለሰዎቹ እድለኞች ናችሁ አላቸው፤ ይህን ፋኖስ በልጅነቷ ስታበራ የኖረች ሴት ዛሬ በዓይናችሁ ፊት ታበራላችኋለች። ከዚያ የአልኮሉን ጠርሙስና ክብሪቱን ሰጠኝ።

እትዬ፣ ያን ፋኖስ አንድ ቀን ቀርቤ አይቼው እንኳ አላውቅም። ምን ልበል? ከሥሩ ትንሽ ጽዋ እንዳለች አየሁ። አልኮል የሚጨመርባት እሷ ናት ብዬ ገመትኩ፤ ላምባው እንዲነድ መጀመሪያ በአልኮል ነበልባል መሞቅ እንዳለበት ከአባባ አፍ ሰምቻለሁ። ጽዋዋን ከሥሯ በግራ እጄ ደግፌ በቀኜ አፈሰስኩ። ሞላና በአውራ ጣቴ ላይ ወርዶ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። አልታወቀኝም። ክብሪቱን ጫርኩ።

ሽማግሌው ክብሪቱን ከእጄ ላይ እፍ ብሎ አጠፋውና አንጓዬን ያዘኝ። ጎብኚዎቹን የላዩን መስታወት ሄደው እንዲያዩ፣ ማሳየቱ በኋላ እንደሚሆን ነገራቸው። ሁሉም ሲወጡ ወንበር ሰጠኝ። አልተቆጣም። «ልጄ፣» አለኝ፣ «አንቺ ይህን መብራት አብርተሽ አታውቂም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ግራ እጅጌውን ጠቀለለ። ከአውራ ጣቱ ሥር ጀምሮ በአንጓው ላይ አልፎ ወደ ክንዱ የሚወጣ የሚያብረቀርቅ ቆዳ አለ፤ ሁለቱ ትንንሽ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀርተዋል። በአስራ አንድ ዓመቱ አያቱ ሳያዩት ብቻውን ሊያበራ ሲሞክር ነው። አስተማሪ ሳይኖረው የሚሞክር ሰው ሁሉ ጽዋዋን እንደ እኔ ከሥር ይይዛል አለኝ፤ አልኮሉ ይወርዳል፣ እሳቱም ይከተለዋል። ጠባቂ ያሠለጠነው ግን ጽዋዋን አይነካትም፣ ጠርሙሱን ብቻ ያዘነብላል። በሐይቁ ዙሪያ እንደዚህ ያለ እጅ በዕድሜው ሦስት አይቷል፤ ሦስቱም ግራ፣ ሦስቱም በልጅነት የተቃጠሉ።

አራተኛውን እኔ አውቀዋለሁ። ያኔ ግን አላሰብኩትም። ያኔ ያሰብኩት ውርደቴን ብቻ ነው።

ሊያጽናናኝ ብሎ ይመስለኛል የአባባን የዕለት መዝገብ ቅጂ አመጣልኝ። ሃያ ሁለት ዓመት፣ አንድ ቀን ሳይዘል። የምታውቂው እጅ ጽሕፈት ነው፤ ነፋስ፣ በረዶ፣ ያለፈ መርከብ፣ የተሰበረ መስታወት፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» ድረስ። ሽማግሌው እያገላበጠ የአባትሽ መብራት በሃያ ሁለት ዓመት የዘገየው አንድ ቀን ብቻ ነው አለኝና ገጹን አሳየኝ። እንዲህ ይላል፦ «ሰሜን ምዕራብ ነፋስ፣ በጣም ከባድ። በረዶ። መብራቱ በአርባ ሰባት ደቂቃ ዘግይቶ በራ። ጠባቂው ታሞ ነበር።» ከሥሩ ብረት የጫነ መርከብ በዚያ ማዕበል ውስጥ መብራት አጥቶ ድንጋዩ ላይ ሊወጣ ጥቂት እንደቀረው ካፒቴኑ ያቀረበው ክስ፣ ከዚያም አባባን የሚያስጠነቅቅ የተቆጣጣሪው ደብዳቤ ተያይዟል። አንድ ጊዜ ቢደገም ሥራውንም ቤቱንም ያጣል ይላል።

ቀኑን አየሁ። ኖቬምበር ዘጠኝ። የተወለድኩባት ቀን፣ የተወለድኩባት ዓመት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ለማንም ያልዘገየው ሰውዬ ለእኔ ዘገየ። አንቺ ስትወለጂ መዝገቡ ላይ «ሴት ልጅ፣ ደህና ናት» ብሎ ጽፎ መብራቱን በሰዓቱ አብርቷል፤ እሱንም ገጽ ፈልጌ አየሁት፣ ምን ታደርጊኛለሽ። ለእኔ ግን አንድ መርከብ ጨለማ ውስጥ አቆመ። ወደ መኪናው የተመለስኩት እየተንሳፈፍኩ ነው። እንደተቀመጥኩ ደብዳቤ ጀመርኩልሽ። ያኛውን አታዪውም፣ ቀድጄዋለሁ። ሦስት ገጽ ነበር፣ ሁሉም ጉራ።

ዋይኖ በጢስ የደረቀ ዓሣ እየበላ ሳለ ገልብጬ የያዝኩትን ገጽ አነበብኩለት። እማዬ የምትነግረንን ታሪክ ያውቀዋል፤ አዋላጇን ሊያመጣ ረዳቱ በጫካው መንገድ ሄዶ በረዶው እንደያዘው፣ አባባ ራሱ እንዳዋለደኝ፣ ሰማያዊ ሆኜ ሳልጮህ እንደወጣሁ፣ አባባ ምድጃው ሥር ተንበርክኮ በመዳፉ እያሻሸ በአፌ እስትንፋስ እየሰጠ ከአንድ ሰዓት በላይ ከእጁ እንዳላወረደኝ። እማዬ ስትጨርስ ሁልጊዜ «ትንሽ እንኳ ቢለቅሽ ሞተሽ ነበር» ትል ነበር። ዋይኖ አዳምጦ አዳምጦ አጥንቱን ከአፉ አወጣና፣

«ታዲያ ፋኖሱን ማን አበራው?» አለኝ።

ዋይኖ ሞኝ ጥያቄ ይወዳል። ረዳቱ አልነበረም አልኩት፣ እማዬ አልጋ ላይ ናት፣ አባባ እጁ ላይ እኔ አለሁበት። ቆጠርኩለት። ከዚያ ቤት ውስጥ የቀረውን ሰው ስቆጥር ቆጠራዬ አንቺ ላይ ቆመ።

እትዬ፣ እኔ አልጠይቅሽም። ስልሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተናገርሽውን በደብዳቤ ተናገሪ አልልሽም። ግን ሁለት ጣቱ የታጠፈውን ግራ እጅሽን አውቀዋለሁ። እኛ ቤት የእጅሽ ነገር ሲነሳ «እህትሽ የተወለደች ክረምት፣ ምድጃው አቃጠለሽ» ነበር የሚባለው። እኔም ምድጃውን አመንኩ። ለምን አላምን? ፎቶግራፍ ላይ ግራ እጅሽን ኪስሽ ውስጥ ስትከቺ ኩራት ይመስለኝ ነበር። ትምህርት ቤት ስንሄድ ሸርጣን ብዬሻለሁ፤ አንድ ቀን ልጆች ሰብስቤ አስጠርቼሻለሁ። ዞር ብለሽ አይተሽኝ ነበር። ያኔ አፍሽን ከፍተሽ አንዲት ቃል ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? እርግጥ ነው፣ የሰባት ዓመት ልጅ ምስጢር አይችልም፤ ከተቆጣጣሪው ጆሮ ቢደርስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ማማ ላይ ላከ ተብሎ አባባ በማግስቱ ከነልጆቹ ሜዳ ላይ ነው። ይገባኛል። ግን ከዚያ በኋላ ስልሳ ጊዜ እንኳ ልትነግሪኝ ትችይ ነበር።

ሌሊቱን ሁሉ አላስተኛኝም። ለካ በየምሽቱ ይዞሽ የሚወጣው ሊያስተምርሽ ነው፤ ዳግመኛ ብቻሽን ብትወጪ እንዳትቃጠዪ። ለካ እኔን ታች ያስቀረኝ ለዚያ ነው፤ ዘጠኝ ሞላኝ ብዬ ፊቱ ስቆም የእሑድ ጫማዬን ሳይሆን ያን ምሽት ነው ያየው። ሲሞትም የያዘው ያቺኑ እጅ ነው፤ ግራዋን ነበር፣ አሁን አስታወስኩ። «እሱ የመረጠው አንቺን ነው» ያልሽኝን ነገር ደግሞ ዛሬ ጠዋት ጥርሴን ስፋቅ ሰማሁት፣ አስራ አንድ ዓመት ዘግይቶ። አላላገጥሽም። አንቺም ቀንተሽ ነበር። ደጁ ላይ እንደዚያ ያለ ነፋስ እያለ እሱ እኔን ታቅፎ አንቺን ውጪ አለሽ።

ይህም አልበቃኝም። እማዬ ኦርጋን እንዲያስተምሩሽ ገንዘብ ስታጠራቅም ነበር አይደል? አንቺ ልትቀመጪበት የነበረውን ወንበር እኔ ወረስኩት። ተሰጥኦ ስላለኝ ነው ብዬ ነበር። እማዬ ግን «አንቺ ጣት አለሽ» ነበር ያለችኝ። ከሄሮን ፖይንት ሳልለቅ ሠላሳ ዓመት በቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ስመታ፣ ሰው መጥቶ «እጅሽ!» ሲለኝ፣ አንገቴን ሰበር እያደረግሁ ስቀበል፣ አንቺ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠሽ ትሰሚኝ ነበር።

ለቶርቫልድ አልነገርኩትም። ዛሬ ጠዋት ተመልሼ ሄጄ ስለ ዋሸሁት ይቅርታ ጠየቅሁት፣ የጠባቂው ታናሽ ልጅ ነኝ፣ ታላቋ ሌላ ናት አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና የእህትሽ ግራ እጅ ደህና ነው ወይ አለኝ። ገብቶታል። እንደ እሱ ያለ ሰው ነገር አያወጣም፣ አትስጊ። ቅዳሜ እሱም ይመጣል።

እኔም እመጣለሁ። ኢልማ ከነአማቷ፣ ከነጎረቤቶቿ ባንቺ ስም ጠርታ ታቅፈኛለች፤ ያኔ እኔ አይደለሁም፣ እሷ ናት ብዬ በጣቴ አንቺን አሳያታለሁ። ይሳቁ። ይበሉኝ። ሄሮን ፖይንት እስከ ገና ድረስ የሚያወራው አጥቶ ነበር። ዋይኖ ይህን ስነግረው ዓርብ ማታ እንድረስ፣ ለመሳቂያ ደግሞ ቦታ ቀድሞ መያዝ ይሻላል አለ። እንዲህ ያለ ባል ነው የሰጠኝ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልጠይቅሽ። የማኅበሩ ሊቀመንበር ወረቀት ይዞ ንግግር ማድረጉ አይቀርም። የዚህ ማማ መብራት በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን ብቻ ዘገየ፣ ያም ጠባቂው ስለታመመ ነው ይላል፣ መዝገቡ ላይ ያለው እሱ ነውና። ከፈለግሽ እነሳና ጠባቂው አልታመመም ነበር፣ በሽታው እኔ ነበርኩ እላለሁ። ካልፈለግሽ አፌን እዘጋለሁ። አፌን ስዘጋ አይተሽኝ አታውቂም፤ ለዚህ ግን እዘጋዋለሁ። ምልክቱ ቀላል ነው፤ አጠገብሽ እቆማለሁ፣ እንድናገር ከፈለግሽ ግራ እጅሽን ከኪስሽ አውጪ።

ቅናቱ ለቀቀሽ ወይ ካልሽኝ አልለቀቀኝም። ዓይነቱን ቀየረ እንጂ። ድሮ ባገኘሽው ነበር የምቀናብሽ። አሁን በከፈልሽው ቀናሁብሽ። አንቺ በዘጠኝ ዓመትሽ፣ በዚያ ማዕበል፣ ሰባ አንድ ደረጃ ብቻሽን ወጥተሽ፣ እጅሽ እየነደደ ክብሪቱን አልጣልሽም፤ እኔ በስልሳ ሁለት ዓመቴ ለአንቺ ምን አደረግሁ? ካርድ እንኳ አልጻፍኩልሽም። ይኸው የመጀመሪያዬ ነው።

ሐይቁ ዛሬ ፀጥ ብሏል፤ እስከ ቅዳሜም እንዲሁ ያቆይልሽ። ጉልበትሽን ያበርታው፣ ደረጃው ይጠርልሽ፣ እኔም እስክደርስ እድሜሽን አያሳጥረው። አንድ ሰው ምግብ ሲያቀርብልን፣ ልብስ ሲሰፋልን የምንለውን ምርቃት እኔ ለአንቺ አንድ ቀን እንኳ ብዬሽ አላውቅም።

እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ። ግራው።

ታናሽሽ